ደብተሬ በቃል ሞላ፣ ሥራው ግን አልተጀመረም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። ዕድሜዬ 25 ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ፣ ሥራ አላገኘሁም። እስከዚያው እናቴን አግዛለሁ። እናቴ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም እያዘጋጀች ትሸጣለች። ያሳደገችንም በዚሁ ነው።

አምና ባሕር ዳር ያለው የአጎቴ ልጅ አፊሊዬት ማርኬቲንግ የሚባል ሥራ እንዳለ ነገረኝ። የሰው ዕቃ ኦንላይን ታስተዋውቂያለሽ፣ በሊንክሽ ገብቶ የገዛ ሰው ካለ ኮሚሽን ይታሰብልሻል አለኝ። ደስ አለኝ። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም አስገባኝ። ችግሩ እዚያ የሚወራው አይገባኝም። "ኢፒሲው ስንት ነው?"፣ "ኩኪው አጭር ነው"፣ "ትራፊኩ ኮልድ ስለሆነ ኮንቨርት አያደርግም" ይባባላሉ። ከኔ በቀር ሁሉም የገባው ይመስላል። አንድ ቀን ደፍሬ "ኩኪ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ሦስት ሰዎች የሳቅ ምልክት ላኩ። አንዱ "ብስኩት ነው፣ በሻይ ይበላል" አለ። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ውስጥ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ከዚያ ደብተር ገዛሁ። አዲስ ቃል ባየሁ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ትርጉሙን ፈልጌ ከጎኑ አሰፍራለሁ። አሁን ደብተሩ ሊያልቅ ነው። አንዱን ቃል ስፈልግ ሌላ ሦስት ይመጣብኛል። ሥራውን ግን እስካሁን አልጀመርኩም። ቃላቱን ሳላውቅ ብገባ የምታለል፣ ሰው መሳቂያ የምሆን ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ የአጎቴ ልጅ ሙሉ ኮርስ አለ ይለኛል። 9,000 ብር ነው። "ቃላቱን ከሀ እስከ ፐ ያስተምሩሻል፣ በወር ውስጥ በዶላር ትሠሪያለሽ" አለኝ። መመዝገቢያ ሊንክ ላከልኝና በሌላ ሳይሆን በዚህ ሊንክ ተመዝገቢ ብሎ አደራ አለኝ። እኔ ገንዘቡ የለኝም። እናቴ በሚቀጥለው ወር እቁብ ይወጣላታል። ነገሩን ስትሰማ "ከዚያ ላይ እሰጥሻለሁ" አለች። ቀጥላ ግን "ልጄ፣ ሥራው ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ላስረዳት ሞከርኩ። የእንግሊዝኛ ቃል ደረደርኩባት። ዝም ብላ ሰማችኝና "እንግዲህ አንቺ ካወቅሽው" ብላ ዛላዋን መቀንጠስ ቀጠለች። ይህ ንግግሯ ከሳቁብኝ ሰዎች ሁሉ በላይ አመመኝ።

ምን ላድርግ? ኮርሱን ልግዛ? ወይስ ደብተሬን ልጨርስ? የአጎቴን ልጅስ እንዴት እምቢ እለዋለሁ? ዘመድ ነው፣ ለኔው አስቦ ነው።

ደብተር የሞላባት፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦

እኅቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። የገንዘቡን ነገር ላስቀድም፤ የእቁቡ ቀን እየቀረበ ነውና። የእናትሽን ገንዘብ ለዚህ ኮርስ አትክፈይ። ቢያንስ አሁን አትክፈይ። ለምን እንደምልሽ እመጣበታለሁ።

ወደ ሳቁብሽ ሰዎች ልመለስ። ከነዚያ መሃል አንዱን ለብቻው ይዘሽ "ኩኪን በአማርኛ አስረዳኝ" ብትዪው ስንቱ ይመልስልሽ ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ። እንዲህ ያለ ግሩፕ ውስጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስቀው እሱም እንዳይጠየቅ ነው። "ብስኩት ነው" ያለው ልጅ ቀልዱ ራሱ ክፉ አይደለም። ቀልዶ ሲያበቃ መልሱን ሳይነግርሽ መሄዱ ነው ያስቀየመኝ። አንቺ ግን የጠየቅሽው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ከዚያ ግሩፕ ቃላት ሁሉ ገንዘብሽን በቀጥታ ከሚነኩት አንዱ እሱ ነው።

እናትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያመመሽ እሷ አለመረዳቷ ነው፣ ወይስ አንቺ ማስረዳት አለመቻልሽ? ለኔ መልስ መጻፍ የለብሽም፣ ለራስሽ መልሺው። እኔ "እንግዲህ አንቺ ካወቅሽው" የሚለውን ሳነበው ንቀት አላየሁበትም። እምነት አየሁበት፣ ትንሽ ስጋትም አለው። ሥራውን ሳታውቀው እቁቧን ልትሰጥሽ የቆረጠች እናት ናት። ለዚህም ነው ማስረዳት አለመቻልሽ የከበደሽ ብዬ የምገምተው። ይህ ደግሞ መድኃኒት አለው፤ መድኃኒቱም 9,000 ብር አያስከፍልም።

ስለ ደብተሩም ልጠይቅሽ። እውነት እያዘጋጀሽ ነው ወይስ እየደበቀሽ? አልፈርድብሽም። ተስቆባት የምታውቅ ልጅ ሁለተኛ ሰው ፊት ከመቆሟ በፊት ሁሉን ነገር ማወቅ ትፈልጋለች። ግን አንቺም እንዳልሽው አንዱ ቃል ሦስት እየወለደ ነው። የዚህ ሥራ ቃላት አያልቁም፤ በየጊዜው አዲስ ይፈጠራል። እናንተ ጎጃሞች ይህን ለማንም ታስተምራላችሁ። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግሱን ሁሉ ጨርሶ አይደለም ቅኔ መቁጠር የሚጀምረው። ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይነሳል። ያበላሻል፣ መምህሩ ያርሙታል፣ ለነገዋ የጎደለውን ግስ ሄዶ ይፈልጋል። አንቺም የሚያስፈልግሽ ለመጀመሪያዋ ትንሽ ሙከራ የሚበቃው ቃል ነው። እሱ ደግሞ ከደብተርሽ አንድ ገጽ አይሞላም።

የትኞቹ ናቸው ካልሽኝ፣ መለያው ቀላል ነው። ቃሉ ገንዘቡ መቼ እንደሚገባ፣ ስንት እንደሚገባ፣ ወይም ለምን ሳይገባ እንደሚቀር የሚነግርሽ ከሆነ አሁኑኑ እወቂው። ካልሆነ ይቆይ። ደግሞ የረሳሽው ነገር አለ መሰለኝ፤ አንቺ አካውንታንት ነሽ። እነዚህ ቃላት አብዛኞቹ የምታውቂው ሒሳብ ናቸው፣ ልብስ ቀይረው ነው የመጡብሽ።

በራሱ በኩኪ እንጀምር። ሰው ሊንክሽን ሲነካ በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ "ይህ ሰው በእገሊት በኩል ነው የመጣው" የሚል ምልክት ይቀመጣል። ኩኪ የሚሉት ያንን ነው። ምልክቱ ዕድሜ አለው። አማዞን የሚባለው የአሜሪካ የኦንላይን መደብር የአፊሊዬት አሠራርን ከጀመረ ቆይቷል፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ነው። የሱ ኩኪ ዕድሜ 24 ሰዓት ነው። እንበልና ዋሽንግተን ያለች አንዲት ሴት በሊንክሽ ገብታ የጤፍ ዱቄት አየች። ሰኞ ማታ አይታ ማክሰኞ ጠዋት ከገዛች ኮሚሽኑ ያንቺ ነው። "ደመወዝ ይግባና" ብላ ዓርብ ከገዛች የለሽበትም። በ24 ሰዓቱ ውስጥ ዕቃውን መግዣ ቅርጫቷ ውስጥ ጨምራው ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 90 ቀን ይጠብቅልሻል። ሌሎች ድርጅቶች 30 ቀንም፣ ከዚያ በላይም ይሰጣሉ። "ኩኪው አጭር ነው" ሲባባሉ የነበረው ይህንኑ ነው። አየሽ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ቀጥሎ ኮንቨርዥንና ኢፒሲ። እነዚህን በቁጥር ብናያቸው ይሻላል። 200 ሰው ሊንክሽን ነካ እንበል። ከነሱ 4ቱ ገዙ። ኮንቨርዥንሽ 2 ከመቶ ነው ማለት ነው። እያንዳንዳቸው የ30 ዶላር ዕቃ ቢገዙና ኮሚሽኑ 3 ከመቶ ቢሆን፣ ከአንዱ 90 ሳንቲም፣ ከአራቱ 3 ዶላር ከ60 ታገኛለሽ። ሊንክሽ አንድ ጊዜ ሲነካ አንድ ክሊክ ይባላል፤ ይህን ለ200 ክሊክ ስታካፍይው አንድ ክሊክ በአማካይ 1.8 ሳንቲም አስገባልሽ። ኢፒሲሽ እሱ ነው። አሁን እስክሪብቶ አንሺና ወደ ኋላ አስቢው። በዚህ ስሌት 100 ዶላር ለማግኘት ከ5,500 በላይ ክሊክ ያስፈልግሻል። ለማስፈራራት አይደለም፤ "በወር ውስጥ በዶላር ትሠሪያለሽ" ያለሽን ሰው ምን ብለሽ መጠየቅ እንዳለብሽ እንድታውቂ ነው። ስንት ክሊክ? ከየት የመጣ? በስንት ኮንቨርዥን? እነዚህን ሦስቱን የማይመልስ ሰው ዶላር ባያነሳብሽ ይሻላል።

የኮሚሽን መጠኑም የተቆረጠ ቃል ኪዳን አይደለም። አማዞን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 ላይ የቤት ዕቃን ኮሚሽን ከ8 ወደ 3 ከመቶ፣ የግሮሰሪን ከ5 ወደ 1 ከመቶ አወረደው። የሰው ሁሉ ገቢ በአንድ ጊዜ ወረደ። ውሉ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ማንም "ይህን ያህል ይከፈልሻል" ሲልሽ "ከመቼ ጀምሮ? ቢቀየርስ?" በይ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ማለትም ገንዘቡ እጅሽ እንዴት ይገባል ወደሚለው። እኔን ብትጠይቂኝ ከፍኖተ ሰላም ለሚሠራ ሰው ከኢፒሲም ከኩኪም በፊት መታወቅ ያለበት ይሄ ነው። እያንዳንዱ ድርጅት ከዚህ በታች ካለሽ አልከፍልም የሚልበት ወለል አለው። ሚኒመም ፔይአውት የሚሉት እሱን ነው። አማዞን በባንክ ወይም በስጦታ ካርድ ሲከፍል 10 ዶላር፣ በቼክ ሲከፍል 100 ዶላር ሲሞላ ነው የሚልከው። ያውም ከሸጥሽበት ወር ማለቂያ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ነው። ለምን ቢባል ገዢው ዕቃውን ሊመልስ ይችላል፤ ከመለሰ ኮሚሽንሽም አብሮ ይመለሳል። ሒሳብሽን በምታዪበት ገጽ፣ ዳሽቦርዱ በሚሉት ላይ "ፔንዲንግ" ተብሎ የሚታየው ገንዘብ ገና ያልተሰበሰበ ሒሳብ ነው። ይህን ለአካውንታንት አላስረዳም።

መንገዱን ደግሞ በደንብ አጥኚ። ፔይፓል የሚባለው በኢንተርኔት ገንዘብ ማስተላለፊያ ለኢትዮጵያ አካውንት ሲፈቅድ የኖረው መላክን እንጂ መቀበልን አይደለም። ስለዚህ "የምንከፍለው በፔይፓል ብቻ ነው" ያለ ፕሮግራም፣ ኮሚሽኑ ምንም ቢያምር፣ ሠርተሽ የማትበይው ሥራ ሊሆንብሽ ይችላል። ከመመዝገብሽ በፊት የክፍያ መንገዶቻቸውን ዝርዝር አንብቢ። ከዚያ ከተማ ውስጥ አካውንት ወዳለሽ ባንክ ጎራ ብለሽ "ከውጭ እንዲህ ባለ መንገድ ብር ቢላክልኝ ይገባል? ምን ወረቀት ትጠይቁኛላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። ባንክ ቤት ውስጥ በዚህ የሚስቅብሽ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። አማዞን ላይ ከተመዘገብሽበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ቢያንስ 3 ሰው በሊንክሽ መግዛት አለበት፤ አለዚያ አካውንቱን ይዘጉታል። ራስሽ በራስሽ ሊንክ ብትገዢ አይቆጠርም። እናንተ ጋ ኔትወርክ ወጣ ገባ እንደሚል አውቃለሁ። ኔት ጠፋም ኖረም ያ 180 ቀን መቁጠሩን አያቆምም። ስለዚህ ለመመዝገብ አትቸኩዪ። መጀመሪያ የምታሳዪው ነገርና የሚያይሽ ሰው ይኑር፤ ምዝገባው ይደርሳል።

ፈነል፣ አፕሴል፣ ሪታርጌቲንግ፣ ስፕሊት ቴስት የሚሉት ደብተርሽ ውስጥ ካሉ ለጊዜው እዚያው ይተኙ። የሚከፈልበት ማስታወቂያ የሚያሠሩና ትልልቅ ገጽ ያላቸው ሰዎች ቃላት ናቸው። የሚያስፈልጉሽ ቀን ሲመጣ ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል። "ኮልድ ትራፊክ" ማለት የማያውቅሽ ሰው ማለት ነው። የእናትሽ ደንበኛ "ያቺን የለመድኳትን" ብላ ሳትቀምስ ትገዛለች፤ መንገደኛው ግን ቆንጥሮ ይቀምሳል፣ ያሸታል፣ ይከራከራል፣ ደግሞ ሳይገዛ ይሄዳል። ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ኮርሱ። የአጎትሽ ልጅ የላከልሽን ሊንክ ክፈቺውና ሳትመዘገቢ አድራሻውን እስከ መጨረሻው አንብቢው። ጫፉ ላይ የሱ ስም፣ ቁጥር ወይም "ሪፍ" (ref) የሚል ነገር አለ? "በሌላ ሳይሆን በዚህ ተመዝገቢ" ማለቱ እንዳለ ያስጠረጥረኛል። ከሆነ ይህ ራሱ አፊሊዬት ሊንክ ነው፤ አንቺ ስትከፍዪ ለሱ የሚታሰብለት አለ። ይህ ኃጢአት አይደለም። ሥራው ይኸው ነው። ግን ሊነግርሽ ይገባ ነበር። አማዞንም ቢሆን አስተዋዋቂው "በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ እኔ ኮሚሽን አገኛለሁ" ብሎ በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድዳል፤ የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ይህንኑ ይጠይቃል። ለማያውቁት ፈረንጅ የሚነገር ነገር ለአጎት ልጅ አይቀርም።

ከዚህ አለፍ ብሎ መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ግሩፑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ገንዘብ የሚያገኙት ከዕቃ ገዢ ነው ወይስ ከተመዝጋቢ? ኮርሱን የገዛው ሰው ትርፉ ያንኑ ኮርስ ለሌላ ሰው ሲሸጥ፣ ያኛውም ለሌላ ሲሸጥ ብቻ ከሆነ ይህ አፊሊዬት ማርኬቲንግ አይደለም። ያን ዓይነቱን የፒራሚድ ሽያጭ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክለዋል። የናንተ ግሩፕ እንዲህ ነው አላልኩም፤ አላየሁትም። "ዳውንላይን" (ከሥርሽ የገቡ ሰዎች)፣ "ከሥርሽ ሦስት ሰው አስገቢ"፣ "ቡድን ሥሪ" የሚሉ ቃላት ደብተርሽ ውስጥ ከበዙ ግን አስቢበት። እናትሽንም፣ ጎረቤቶችሽንም የምታስገቢበት ነገር ይሆናልና።

አሁን ምን ትሥሪ? እኔ ብሆን ለአንድ ወር የእናቴን በርበሬ እጠቀም ነበር። እስካሁን ያሰብሽው አስተዋዋቂ ለመሆን ነው፤ ለአንድ ወር ባለ ዕቃዋ ሁኚ። ሦስት ሰው ምረጪ። አንዷ ደብረ ማርቆስ ያለች የክፍል ጓደኛሽ፣ አንዷ እዚያው ፍኖተ ሰላም ብዙ ሰው የሚያውቃት ሴት፣ ሦስተኛውን ቆይቼ እነግርሻለሁ። የበርበሬውን ጥሩ ፎቶ አንሺ፤ ዛላው ተቀንጥሶ ሰፌድ ላይ ሆኖ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ ከረጢት ውስጥ ሆኖ። ዋጋውንና መላኪያውን ጻፊ። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የምሥጢር ቃል ስጪ። ቴሌግራም ላይ ሲያጋሩ "ስታዝዙ ይህን ቃል ንገሩ" ይበሉ። ቃሉን ጠርቶ ለገዛ ሰው ሁሉ በኪሎ 30 ብር ለአስተዋዋቂው። ቁጥሩን ከእናትሽ ጋር ተመካከሩበት፤ ትርፏን የምታውቀው እሷ ናት።

ከዚያ የደብተርሽ ቃላት አንድ በአንድ ወደ ቤትሽ ሲገቡ ታያለሽ። አንዲት ሴት ሰኞ በጓደኛሽ ቃል ጠይቃ ከአሥር ቀን በኋላ መጥታ ገዛች። ትከፍያለሽ? "አንድ ሳምንት ነው ያልነው" ካልሽ ኩኪ አበጀሽ ማለት ነው። አንዱ ከሁለቱም ሰምቶ መጣ፤ ኮሚሽኑ የማን ነው? ብዙ ድርጅቶች መጨረሻ ላይ ሊንኩን ላስነካው ይሰጣሉ። አንቺስ? ሌላዋ "በጣም አቃጠለኝ" ብላ መለሰችው። የከፈልሽውን 30 ብር ታስመልሻለሽ ወይስ መጀመሪያውኑ ሁለት ቀን ቆይተሽ ነበር መክፈል የነበረብሽ? በየቀኑ 30 ብር በቴሌብር ከምትልኪ 150 ሲሞላ እልካለሁ ብትዪ ሚኒመም ፔይአውት ተከልሽ። ስንት ሰው ጠየቀ፣ ስንቱ ገዛ፣ በማን በኩል፣ እሱን ሁሉ በአንድ ወረቀት ያዢ። ዕዳና ገቢ መያዝ ሙያሽ ነው።

መንገዱ ሰላም ሆኖ ጭነቱ ከሄደ የተወሰነ ኪሎ ይሸጣል። ባይሄድም ሰፈር ውስጥ መሞከር ይቻላል። ብዙ ባይሸጥ እንኳ እናትሽ የምታጣው ነገር የለም፤ ኮሚሽኑ የሚከፈለው ሲሸጥ ብቻ ነው። ይህንንም ልብ በዪ፤ ድርጅቶቹ አፊሊዬትን ለምን እንደሚወዱት ይገባሻል።

በዚያው ሰሞን ለእናትሽ እንደገና ንገሪያት። ያኔ ቃል መደርደር አያስፈልግሽም። "እማዬ፣ እኛ ለነእገሊት እንደምንከፍላቸው እኔም ለውጭ ድርጅት እንዲሁ ልሥራ ነው" ትያታለሽ። በርበሬ ስትሸጥ የኖረች ሴት የማትገምቺውን ጥያቄ ትጠይቅሻለች። "ሽጬልሃለሁ ብትዪው ባለ ዕቃው መሸጥሽን በምን ያምናል?" ልትልሽ ትችላለች። ያንን ጥያቄ መዝግቢው፤ ግሩፑ ውስጥ ከሚወራው የበለጠ ይጠቅምሻል።

ወሩ ካለቀ በኋላ ወደ ውጭ ፕሮግራም መግባት ከፈለግሽ፣ የምታውቂውን ነገር ይዘሽ ግቢ። አንቺ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም ታውቂያለሽ። ውጭ ያሉ ልጆቻችን ጤፍ ከምን ጋር እንደሚቀላቀል፣ በርበሬ በምን እንደሚፈጭ፣ ሽሮ ለምን እንደሚጓጉል ሲጨነቁ ቲክቶክ ላይ አይተሻቸው ይሆናል። ቃላቱ ያልገቡሽ የስልክ መተግበሪያ ከምታስተዋውቂ፣ መፍጫና ዱቄት እያሳየሽ በአማርኛ ብታወሪ የሚሰማሽ አለ። ኒሽ የሚሉት ይህንን ነው፤ አንቺ ጋ መጀመሪያውኑ ነበር። ኮርስም ያኔ ካስፈለገሽ ይኑር፤ ምን እንደጎደለሽ አውቀሽ ትገዣለሽ። ገንዘብ መመለሻ ውል ያለው መሆኑንም አይተሽ።

ለአጎትሽ ልጅ ምን ትበይው? እምቢ ማለት መጣላት አይደለም። ግሩፑ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው ጻፊለት፣ ወይም ደውዪለት። እንዲህ ያለ ነገር ይበቃል፦ "ወንድም ጋሼ፣ ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። የእማዬ እቁብ ስለሆነ ግን ሳልጠይቅህ አልከፍልም። እኔ ስመዘገብ ላንተ የሚታሰብልህ አለ? ካለ ቅር አይለኝም፣ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። አንተስ እስካሁን እጅህ የገባው ስንት ነው? ከዕቃ ነው ወይስ ሰው በማስመዝገብ?" ታላቅሽ ካልሆነ "ወንድም ጋሼ"ውን ትተሽ በስሙ ጥሪው። ብቻ ጥያቄዎቹን አትቀንሺ።

በግልጽ ከመለሰልሽ የምታማክሪው ሰው አገኘሽ። ተሸማቅቆ ዝም ካለ አታስጨንቂው፤ ምናልባት እሱም 9,000 ብሩን ከፍሎ ማስመለሻ እየፈለገ ይሆናል፣ ለማንም መናገር አፍሮ። ቅድም ሦስተኛውን ሰው ቆይቼ እነግርሻለሁ ያልኩሽ እሱ ነው። ባሕር ዳር ሰው ያውቃል፣ ማውራት ይችላል፣ ሰው ማሳመንም ለምዷል። ከእናትሽ በርበሬ አንድ ኪሎ ላኪለትና የምሥጢር ቃሉን ራሱ ይምረጥ።